የመከታ ጆሮ

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ ውሻውም ሰውም እኩል ነበር የሚደነግጠው። ጥልያን መተማን ይዞ አይሮፕላኑ እላያችን ላይ የሚያንዣብብበት ዘመን ነው። እኔ ገና ሙሽራ ነኝ፤ ከደጋ ወርጄ እዚህ ከሸሕዲ በታች ገባሁ። ታዲያ ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቡችላ አመጡ። ማሽላውን ከዝንጀሮ ይጠብቅልናል ብለው ነው። ስሙን መከታ አሉት።

እና መጀመሪያ እንዴት ያለ ደፋር መሰላችሁ! ዶሮ ያባርራል፣ ቀሚሴን ይጎትታል። ጥቂት ከፍ ሲል ግን እንጃ፣ የወደቀ ቅል አይቶ እንኳ ይሸሻል። ቡችላ እንደዚያ የሚሆንበት ጊዜ አለው፤ ሕፃንስ ሰው መለየት ሲጀምር እንግዳ አይቶ አያለቅስም? ያልፋል እኮ። እኛ ያንን የት አውቀን! ባለቤቴ «ጆሮው ቢቆረጥ ይደፍራል» አሉ፤ ያኔ ልማዱ ነው፤ ይዘው በምላጭ ቆረጡት። አይ የዚያን ቀን ጩኸቱ! ከዚያ ወዲያ እጅ ያየ እንደሆነ አልጋ ሥር ነው። የእሳቸውን ድምፅማ ከሰማ ሽንቱን ይለቃል።

ታዲያ ተቆጡ። «ማሽላው እሸት እስኪይዝ ካልደፈረ ለጅብ ነው የምጥለው! ፈሪ አልቀልብም!»

«እባክዎን ይተዉልኝ፣ እኔ አለማምደዋለሁ» አልሁ።

«በምን ልታለማምጅው? በጸሎት?»

«በገንፎ!»

ሳቁብኝ። እኔ ግን አልጋው አጠገብ ቁጭ እልና ገንፎውን በመዳፌ ይዤ ፊቴን አዙሬ ዝም። አልጠራው፣ አልጎትተው። አንድ ቀን አፍንጫው ብቅ፣ ሌላ ቀን አንገቱ፣ እንዲህ እያለ ወጣ። ደግሞ ዝንጀሮ የምናባርርበትን ጅራፍ ይፈራል፤ እና ጎረቤቴን «ከወንዙ ማዶ አጩሂልኝ» አልኋት። ጅራፉ ሲጮህ ገንፎ፣ ሲጮህ ገንፎ። ከወንዙ ማዶ፣ ከዚያ ከሾላው ሥር፣ ከዚያ ከደጃፍ። ኋላማ መከታ ጅራፍ ሲሰማ ጅራቱን እየቆላ እጄን ይፈልጋል! ለእሳቸው ግን እንቢ አለ። ሲያያቸው ሽሽት። ማሽላው ደግሞ እሸት ሊይዝ ነው።

አንድ ቀን ሦስታችንም ማሽላው ውስጥ ሳለን አይሮፕላኑ መጣ። ያ ሁሉ ፉከራ የት ሄደ! ባለቤቴ በደረታቸው ተደፍተው እጃቸውን ዘርግተው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣሉ። «እመቤቴ! እመቤቴ!» መከታስ? እሱም እየተንቀጠቀጠ በሆዱ ተሳበ፣ ተሳበ፤ ወደኔ ነው ስል ወደ እሳቸው! ድምፅ ሲሰማ የተዘረጋ እጅ መፈለግ ለምዶ የለ? መዳፋቸውን ላሰው።

አይሮፕላኑ አለፈ። ባለቤቴ ግን ቀና አላሉም። ያንን የቆረጡትን ጆሮ በጣታቸው እየዳሰሱ «አየሽ፣ እኔም እኮ እንደሱው ነኝ» አሉኝ። አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፣ ምን ልደብቃችሁ። ከዚያ ወዲያ በእኛ ግቢ የቡችላ ጆሮ አልተቆረጠም። ፈሪን አስፈራርቶ ማን አደፈረ?

«እማማ፣ ታዲያ እሳቸውንስ በምን አለማመዷቸው?»

«በምን ይመስልሃል? በዚያው በገንፎ ነዋ!» (እማማ ይስቃሉ)