ጋሼ ወስፌና የኪራዩ ጎማ

ሰው ሲያረጅ መድኃኒት ቤት ሁለተኛ ቤቱ ይሆናል። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ የደም ግፊት ክኒኔን ለመውሰድ በወር አንዴ ያንን ቁልቁለት እወርዳለሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ስወርድ፣ ከተዘጋ የመስታወት ሱቅ ደረጃ ላይ አንድ ሰው ኩርምት ብሎ ተቀምጦ አየሁ። ጠጋ ብል ጋሼ ወስፌ ናቸው።

ጋሼ ወስፌ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጫማ ሰሪ። ወስፌ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ ነገራቸውም ወጋ የሚያደርግ ስለሆነ ሰፈሩ በመሥሪያቸው ጠራቸው፤ እሳቸውም ወደዱት።

«እንዴት አደሩ ጋሼ? ምነው እዚህ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ መምህርት። ሥራ ላይ ነኝ። የሰዉን ተረከዝ እያየሁ ነው። ከአሥሩ ሰባቱ በውጭ በኩል ነው የሚጨርሰው፤ አይተው ያውቃሉ?»

ውሸታቸውን ነበር። ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸውን ጭምድድ አድርጎ ይዟል፤ ጭናቸው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥንድ ጫማ አለ። አርባ ዓመት ልጆች የቤት ሥራቸውን በረሱ ቁጥር ሲዋሹኝ የኖርኩ ሰው ነኝና ሳልከራከር አጠገባቸው ተቀመጥኩ። (አርባ አልኩ? ሠላሳ አንድ ነው። ልጆቹ ናቸው አርባ ያስመሰሉት።)

ነገሩ እንዲገባችሁ የጋሼ ወስፌን ሕግ ልንገራችሁ። በሱቃቸው ጫማ ተሰፍቶ ሲያልቅ ባለቤቱ ያደርገውና ወለሉ ላይ ሁለት ዙር ይራመዳል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ካልጮኸ፣ ካልቆነጠጠ፣ የወስፌ ምስል ያለባትን ትንሽ የብረት ማኅተም ከደረት ኪሳቸው ያወጡና ሶሉ ላይ በመዶሻ ያሳርፏታል። ማኅተም ያላረፈበት ጫማ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። በዚህ የሚስቅ ካለ እግሬን ይይልኝ፤ ያደረግሁት ጫማ አሥራ አራት ዓመቱ ነው።

ጉልበታቸው ከከዳቸው ግን ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሱቁን የያዘችው ልጃቸው ናት። ኮሌጅ ጨርሳ «ቢሮ አይሆነኝም፣ የቆዳ ሽታ ይሻለኛል» ብላ የተመለሰች ልጅ ናት። ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፤ ማኅተሟ ግን አባቷ ኪስ ውስጥ ናት።

«እውነቱን ይንገሩኝ» አልኳቸው። «ወዴት ሊሄዱ ነበር?»

«ሱቅ» አሉ፣ ጋዜጣውን እየዳበሱ። «ይህን ጫማ ልጄ ለኔ ሰፋችው። ሁለት ዙር ሳልራመድበት አላትመውም፤ የልጄም ቢሆን። ቤቴ ደግሞ ምንጣፍ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ጫማ አይናገርም። ሱቄ ልሄድ ብዬ ተነሣሁ፣ ጉልበቴ ግማሽ መንገድ ላይ ጣለኝ።» ከዚያ ሳቅ አሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እንቁላሉ ሄደ፣ እኔ ተቀመጥኩ።»

አብሬያቸው ሳቅሁ።

ይህን ስንል ልጃቸው ሽርጧን ሳትፈታ፣ ጣቶቿ ማስቲሽ እንደያዙ እየሮጠች መጣች። አንዱ ደንበኛ አይቷቸው ነግሯት ኖሯል።

«አባባ! ምናለ ቢደውሉልኝ? ብቻዎን መንገድ ላይ!»

«ጠፋሁ እንዴ? አለሁ።»

«አሉ፤ ደረጃ ላይ ነው ያሉት!» አለች። «አባባ፣ መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ጥንድ ተሰፍቶ ማኅተም እየጠበቀ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛው ሰውዬ ቀብዱን መልሶ ወሰደ። ወይ ይምጡ፣ ወይ ማኅተሙን ይስጡኝ።»

«ያልሰማሁትን ጫማ አላትምም።»

«እንግዲያው ይምጡ!»

«በምን ልምጣ? በክንፍ?»

ዝም ማለት ሲገባኝ ዝም ማለት አልችልም፤ አመሌ ነው። «በጎማ» አልኩ። «ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ስኩተር ይሸጣል፣ ያከራያልም። መቀመጫና መሪ ያለው፣ በባትሪ የሚሄድ። እህቴ ወገቧን በታመመች ጊዜ ስምንት ወር ተከራይቼላት ነበር።»

ጋሼ ወስፌ የሰደብኳቸው ያህል ቀና አሉ። «እኔ? መምህርት፣ እኔ ጫማ ሰሪ ነኝ! ጫማ ሰሪ በጎማ ሲሄድ ያየ ሰው ምን ብሎ ጫማ ያዘዋል? ዳቦ ጋጋሪ ‹ዳቦ አይስማማኝም› ቢል ይገዙታል?»

«መነጽር ካደረጉ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ሃያ ይሆናል።»

«‹በመነጽር የተሰፋ ነው› ብሎ ጫማ የመለሰ ሰው አለ?»

«ዓይን ሌላ፣ እግር ሌላ!»

«ልዩነቱን ያስረዱኝ፤ አስተማሪ ነኝ፣ መማር አይከብደኝም።»

ወደ መንገዱ ዞሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጋሼ ወስፌ ግን ሞኝ አልነበሩም፤ የሚፈሩት መናቅን ነበር። ጫማ እየሰፋ አርባ ሁለት ዓመት ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ተቀምጦ መታየት ሞት ይመስለዋል። ይህን የተረዳችው ከእኔ ይልቅ ልጅቷ ናት። እግራቸው ሥር ቁጢጥ ብላ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አባባ፣ ሐኪሙ ምን አለን? ‹ጉልበትዎ በቀን የተወሰነ እርምጃ አለው› አላለም? ያንን እርምጃ መንገዱ ይበላዋል። ሱቅ ሲደርሱ የሚተርፍዎ የለም። መንገዱን ጎማው ይሂድልዎ፤ እርምጃዎን ለሥራው ያስቀምጡት።»

ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ። ቆዳ ስቆርጥ ‹ጥሩውን ለፊቱ፣ ተራውን ለውስጡ› ይሉኝ የለ? መንገዱ ውስጡ ነው።»

ጋሼ ወስፌ አፍንጫቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ከዚያ፣ ኩሩ ሰው ሲሸነፍ እንደሚያደርገው፣ በአንዴ ወደ ሌላው ጫፍ ዘለሉ። «እሺ! ከሆነ ግን የራሴን ነው የምገዛው። ኪራይ የተውሶ ጫማ ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ። ለማሽኑ ያስቀመጥነው ብር አለ አይደል?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ብሩ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ፣ የሶል መስፊያ ማሽን መግዣ ነው። እስከዛሬ ሶሉን በእጇ ነው የምትሰፋው፤ ክሩ የጣቶቿን ጎን ሰነጣጥቆታል። ግን «የኔ ማሽን» ብላ ከአባቷ እግር ጋር አልከራከርም አለች መሰለኝ። እኔ ልከራከርላት ወሰንኩ።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ሒሳብ እናስላው» አልኳቸው። ጋሼ ወስፌ ዋጋን ሁሉ በጥንድ ጫማ ነው የሚቆጥሩት፤ ሥጋ ቤት ሄደው እንኳ «የአንድ ጥንድ ሩብ ነው» ይላሉ። «መግዣው አርባ ጥንድ ነው። ባትሪው በሁለት ዓመት ገደማ ይደክማል፤ አዲሱ አምስት ጥንድ። ጎማና ፍሬን፣ በዓመት ሁለት ጥንድ። ኪራዩ ግን በወር ሁለት ጥንድ ነው፤ ባትሪውም ጥገናውም የአከራዩ ዕዳ።»

ወዲያው ያዙኝ። «ሃያ ወር ስከራይ መግዣውን ከፍዬ ባዶ እጄን ልቀር ነዋ!»

«ልክ ነዎት! ይህን የሚደብቅ አከራይ ሌባ ነው። ለዓመታት የሚፈልጉት ከሆነ መግዛቱ ያዋጣል። ግን እንደሚፈልጉት በምን ያውቃሉ? ሐኪሙ ‹ጉልበቱን ከሦስት ወር በኋላ አይቼ እወስናለሁ› ብሏል። የሦስት ወር ኪራይ ስድስት ጥንድ ነው። በስድስት ጥንድ የአርባ ጥንድ ስሕተት ከመሥራት ይድናሉ።»

«ታክሲስ?»

«ደርሶ መልስ በየቀኑ? በወር ሦስት ጥንድ፤ ያውም ሹፌሩ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያው ቤቴ መቀመጡ ይሻላል፤ እሱ ነጻ ነው።»

«ነጻ?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ መንገደኛ ዞሮ አየኝ። «መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ጥንድ አለ፣ ሁለቱ ሰዎች ሄደዋል። ቤት መቀመጥ ከሁሉም የተወደደው ነው፣ ጋሼ!»

በጋዜጣ የተጠቀለለውን ጫማ ብብታቸው ሥር ከተቱት። ከዚያ «ለማየት ያህል እንሂድ» አሉ።

በማግስቱ ሦስታችንም በታክሲ አከራዩ ዘንድ ሄድን። ለማየት ያህል ያሉት ሰውዬ ገና ከበሩ ዓይናቸው ትልቁ ላይ ወደቀ፤ አራት ጎማ፣ ሁለት መስታወት፣ ሰፊ ጥቁር መቀመጫ ያለው። መቀመጫውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። «ፕላስቲክ ነው፤ ግን ግርማ አለው። ይህን እገዛለሁ።» አከራዩ ደረሰኝ ሊያመጣ ሮጠ። ልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«ስፋቱን ይለኩት እንጂ» አልኩ።

ከኪሳቸው የማትለያቸውን የእግር መለኪያ ሜትር መዘዙ። «ሰባ።»

«የሱቅዎ በርስ?»

ጣሪያውን አዩ።

«ስድሳ አምስት» አለች ልጅቷ በቀስታ። «ማሽኑ ይገባ እንደሆነ ብዬ ባለፈው ሳምንት ለክቼዋለሁ።»

ጋሼ ወስፌ ሜትሩን እንደያዙ ቆሙ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ሳቁ ገነፈለ። «አይ እኔ! የከተማውን ግማሽ እግር በቃሌ አውቃለሁ፤ የገዛ በሬን አላውቅም!» ከዚያ ሳቁ በረደና ልጃቸውን አዩ፤ ጣቶቿንም አዩ። «አንድ ደንበኛ ገና ጫማውን ሳይሞክር ብሩን ቢዘረጋልኝ ምን እለው ነበር?»

«‹ብርዎን ኪስዎ ያድርጉት፤ መጀመሪያ ሁለት ዙር›» አለች።

«አዎ። አየሽ፣ ሕጉን ለሰው ሁሉ አውጥቼ ለራሴ ረሳሁት። ኪራይ ማለት ሁለቱ ዙር ነው።» ወደ አከራዩ ዞሩ። «ልጄ፣ ደረሰኙን ተወው። ያንን ትንሹን ባለ ሦስት ጎማ አምጣልኝ። ለሦስት ወር። የማሽኑ ብር ለማሽኑ ነው።»

ምክር የሚገባው እንዲህ ነው። እኔ አርባ ጥንድና ስድስት ጥንድ እያልኩ ብደክምም፣ ሰውን የሚያሳምነው የገዛ ሕጉ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ጋሼ ወስፌ ሳያፈሱ ተመለሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ከመደርደሪያ ጣውላ የሠራችውን መወጣጫ በሱቁ ደፍ ላይ ዘረጋች። ጋሼ ወስፌ ኮታቸውን ለብሰው፣ ያንን በጋዜጣ የነበረ ቡናማ ጫማ አድርገው ደረሱ። በሩን በሁለቱም በኩል አራት ጣት አስተርፈው ገቡ። ላብ የለ፣ ማለክለክ የለ። ስኩተሩን አጥፍተው፣ የሥራ ጠረጴዛውን ጫፍ ይዘው ተነሡ፤ ከዚያም በእግራቸው መራመድ ጀመሩ።

አንድ ዙር ሄዱ። ልጅቷ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ደብቃለች። ሁለተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወለሉ ላይ የሚሰማው የሶሉ ኮቴ ብቻ ነበር፤ ጩኸት የለ፣ ሲጥሲጥታ የለ። ሲጨርሱ ተቀመጡና ጫማውን አወለቁ፤ ሶሉን አገላብጠው ስፌቱን በጥፍራቸው ሄዱበት። ማኅተሟን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። እኔ መዶሻውን አቀበልኳቸው፤ አልተቀበሉኝም።

«ለሷ ስጪያት» አሉኝ፣ አንቱታውን እንኳ ረስተው። ማኅተሟን ልጃቸው መዳፍ ላይ አኖሯት። «አንቺ አትሚው። የሰማሁት የባለሙያ እጅ ነው። ከእንግዲህ እኔ ስኖር አብረን እንሰማለን፤ ሳልኖር አንቺ ትሰሚያለሽ።»

ልጅቷ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ የደም ግፊት ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። ግን ያን ቀን ኮራሁ። በሷም፣ በሳቸውም፣ ትንሽ ደግሞ በሒሳቤ።

ይኸው ወር አለፈው። ከአሥራ አንዱ ጥንድ ስምንቱ ለባለቤቶቻቸው ሄደዋል፤ ቀብዱን ከወሰዱት አንዱ አፍሮ ተመልሷል። ማሽኑም በስድሳ አምስቱ በር ገብቶ እየሠራ ነው። ጋሼ ወስፌ ጠዋት ይሄዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ፤ እርምጃቸውን ለወለሉ ይቆጥቡታል፤ ቤት ተዘግቶባቸው የጠቆረው ፊታቸውም በርቷል። ሦስት ወሩ ሲሞላ ሐኪሙን ሰምተው ወይ ይመልሱታል፣ ወይ በሩን ለክተው ይገዛሉ።

ትናንት ቁልቁለቱን ስወርድ አየኋቸው። እግራቸው መርገጫው ላይ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ፣ ድሮ አቧራ ብቻ ያየው የነበረው ጫማ ዛሬ ለመንገደኛው ሁሉ ያብለጨልጫል። አንድ ባለ ከረባት ሰውዬ አስቆማቸውና «አባቴ፣ እንዴት ያምራል! የእርስዎ ነው?» አላቸው።

ጋሼ ወስፌ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ወንበሩ የኪራይ ነው» አሉት። «ጫማው ግን የልጄ ነው።»