የአዋላጇ ገጽ እንዴት ቀለለ

ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ለጉልበቷ መድኃኒት ልትወስድ ክሊኒክ ወረፋ ይዛ ሳለ፣ አጠገቧ ሕፃን ያቀፈች ወጣት እናት ስልኳን ስትነካካ አየች። ሰረቅ አድርጋ ብታይ የራሷ ብሎግ ነው። ደስታዋን ዋጥ አድርጋ አንገቷን አሰገገች። ከላይ ካለችው አበባ በቀር ግን የመጣ ነገር የለም። ገጹ እስኪከፈት የምትዞረው ክብ ትሽከረከራለች፣ ሕፃኑ ይነጫነጫል።

«ምን ፈልገሽ ነው ልጄ?»

«ሲያተኩሰው ምን እንደማደርግ። ሴትዮዋ ጥሩ ትጽፋለች ይላሉ። ለኔ ግን አንድ ቀንም ተከፍቶልኝ አያውቅም» አለችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው።

አዋላጇ «ሴትዮዋ እኔ ነኝ» ለማለት አፈረች። የምታውቀውን በቃሏ ነገረቻትና ቤቷ እንደገባች የእህቷን ልጅ ቅብጥብጢትን አስጠራች። ብሎጉን የሠራችላት እሷ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራለች፣ ምላሷም አያርፍም።

ቅብጥብጢት ይህን ቀን ስትጠብቀው ኖራለች። ኤኤምፒ፣ ማለትም የተፋጠነ የሞባይል ገጽ የሚባል አሠራር እንዳለ፣ ለየጽሑፉ ጌጡን ያራገፈ ቀላል ቅጂ ተሠርቶለት በደካማ ኔትወርክም ቶሎ እንደሚከፈት ስንቴ ነግራታለች። አዋላጇ እምቢ ያለችው በልጆቹ የተነሳ ነው። ገጿ ሲከፈት ከሁሉ በፊት ያዋለደቻቸው ሕፃናት ፎቶ በሰልፍ ያልፋል። ፎቶዎቹን የሰጧት እናቶቻቸው ናቸው።

«እና ልጆቼን ላባርር ነው?»

«ማንም አይባረርም፣ እትዬ። ዋናው ገጽ ከነፎቶው ይኖራል። ቀላሉ ለቸኮለ ሰው ነው።»

«የት ነው የሚቀመጠው?»

እዚህ ላይ ልጅቱ አልዋሸችም። ቅጂው በኢንተርኔት ፍለጋ ድርጅቶች ማከማቻ እንደሚያድር፣ ደንቡንም እነሱ እንደሚያወጡ ተናገረች። አዋላጇ የረታች መሰላት።

«ጽሑፌ ሰው ቤት አያድርም።»

«ካልተስማማዎት እናነሳዋለን፤ ዋናው ከእጅዎ አይወጣም። አሁን እኔ ልጠይቅ። ምጥ ያዛት ተብለው ሲጠሩ፣ ፀጉርዎን ተሠርተው ነበር የሚሄዱት?»

«ምን ፀጉር አለ። አንዴማ ግራና ቀኝ ጫማዬ ለየቅል ነበር።»

«ታዲያ ገጽዎ ተኳኩሎ እስኪጨርስ እናትየዋ ለምን ትጠብቃለች?»

የልጅ ግንባር በእጇ ይዛ፣ ክብ ስትሽከረከር የምታየው ሴት አዋላጇ ዓይን ላይ መጣችባት።

«በትኩሳቱ ጽሑፍ ጀምሪ» አለች ቀስ ብላ።

ሰንበት ብሎ አዋላጇና ወጣቷ እናት እዚያው ክሊኒክ ተገናኙ። ሕፃኑ ድኖ ለክትባት መጥቷል፤ እናቱም ስለ ክትባት ልታነብ ስልኳን ነካች። ጽሑፉ ወዲያው ድቅን አለ። ያረጀ ስልክ ያላት፣ ኔትወርክ የሚያስቸግራት፣ ካርዷ ሊያልቅ የደረሰ እናት ሁሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲሁ ታነባለች። ለውጥ የሚጠቅመው እንዲህ ለተቸገረ ሲደርስ ነው፤ ጌጥም ተራውን ቢጠብቅ አይሞትም።

እናትየዋ አንብባ ስትጨርስ ወደ ዋናው ገጽ የሚወስደውን ምልክት ነካች። ክቧ መሽከርከር ጀመረች።

«እሱን እቤትሽ ተረጋግተሽ ታይዋለሽ» አለች አዋላጇ፣ የሕፃኑን እግር ይዛ። «እነዚያ የፎቶው ልጆች አድገዋል፤ መጠበቅ ይችላሉ።»