ሳንባቸውን ጢስ የበላባቸው የወይዘሮ ባፈና ካሣ ዜና ሕይወት

በዚህ ድንኳን የተሰበሰባችሁ ወገኖች ሆይ፣ ይህን የምታነብላችሁ አንደበት የታናሽ ወንድማቸው የታምሬ ናት፤ የማነበው አንዳንዶቻችንን የሚነካ ቢሆንም እውነት ነውና እስከ መጨረሻው አድምጡኝ።

ወይዘሮ ባፈና ካሣ ከአባታቸው ከአቶ ካሣ ውቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትዕበ ረዳ በ1966 ዓ.ም. ቋራ ውስጥ ተወልደው እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታችን ሲሞቱ እኛን ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ትምህርቱን ተዉ፤ ዛሬ ይህን ወረቀት ማንበብ የቻልሁትም እርሳቸው ደብተራቸውን ስለዘጉልኝ ነው። በ1989 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከአቶ ተሻለ ጋር በመተማና በገላባት አድርገው ወደዚህ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገቡ፤ እዚሁም ብርቱካንንና ዮኒን ወለዱ፤ እኔም በኋላ ተከተልኋቸው።

አቶ ተሻለ በቁረይሻ እርሻዎች ሰሊጥ ሲያጭዱ፣ ወይዘሮ ባፈና ለቀን ሠራተኞች ምግብ አብሳይ ሆነው ተቀጠሩ፤ በየምርቱ ወቅት ለመቶ ሃያ ሰው ዓሲዳ የሚያገነፉትና ወጥ የሚሠሩት አንዲት በር ብቻ ባላት የቆርቆሮ ክፍል፣ በእርጥብ ማገዶ ነበር። መስኮት እንዲከፈትላቸው የእርሻውን ወኪል በየዓመቱ ቢለምኑት «ነፋስ ማገዶ ይበላል» እያለ ይመልሳቸው ነበር፤ ይኸው ሰው ግን ትራክተሮቹ እንዳይግሉ ብሎ ዙሪያው ክፍት የሆነ ሰፊ ዳስ አሠራላቸው። ለብረት የታሰበው ለእኅቴ ሳይታሰብላቸው ሃያ ስድስት ዓመት ጢስ ጠጡ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደረቅ ሳል ያዛቸው፤ ከዚያም ትከሻቸውን ይወጋቸው፣ አክታቸውም ደም ይቀላቅል ጀመር። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ሳሉንና ክሳታቸውን ብቻ አይቶ፣ አክታቸውን እንኳ ሳይመረምር «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ብሎ ስድስት ወር ኪኒን አስዋጣቸው፤ ሳይሻላቸው ቢመለሱም «በትክክል አልዋጡም» ብሎ ገሥጾ እንደ ገና አስጀመራቸው።

እኛስ ምን አደረግን? የማኅበራችን ጽዋ እርሳቸውን እየዘለለ ይዞር ጀመር። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ደግሞ ተደብቀው ሺሻ ያጨሳሉ አልን። እኔም፣ ያሳደጉኝ እኔ፣ ልጆቼ ቤታቸው እንዳይገቡ ከለከልሁ። ከእርሳቸው ጋር ከአንድ ትሪ የበሉት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ራሒማ ብቻ ነበሩ፤ ሰው ሲያስጠነቅቃቸው «ወላሂ፣ ባፈናን ትቼ ብቻዬን አልበላም፤ የፈራ ይሽሽ» ይሉ ነበር።

በመጨረሻ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው አንድ ሐኪም ከደረታቸው ውኃ ቀድቶ አስመርምሮ፣ ሕመሙ የሳንባ ካንሰር መሆኑንና ወደ አጥንታቸው መዛመቱን ነገረን። ሲጋራ ያጨሱ እንደ ነበር ሲጠይቃቸው «እኔስ አጭሼ አላውቅም፣ ልጄ፤ ሲያጨስ የኖረው ምድጃው ነው» አሉት። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ሲለን ቀና ብሎ ያየው ከመካከላችን አንድም አልነበረም። የጨረር ሕክምና በጦርነት ከተዘጋው መንገድ ማዶ ቀረ፤ የሕመም ማስታገሻውም ከከተማው ጠፋ። በየካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ51 ዓመታቸው፣ በወይዘሮ ራሒማ ክንድ ላይ ዐረፉ።

ትናንት ወኪሉ ለለቅሶው አንድ ጆንያ ማሽላ ቢልክ፣ አቶ ተሻለ ሳያስወርዱ ከነመኪናው መልሰውታል። እኔም አብሬያቸው ቆሜ ነበር፤ ከዘገየሁ በኋላ ማለት ነው።

ወይዘሮ ባፈና ባለቤታቸውን አቶ ተሻለን፣ ልጆቻቸውን ብርቱካንንና ዮኒን፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ ሦስት ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም ከሥጋ ዘመድ የበለጡ ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ራሒማን ትተው ሄደዋል።

የለፉትን ድካም የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳን ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለእርሳቸው ዕረፍትን፣ ለእኛም ኀፍረትን ይስጠን። አሜን።