ከጠዋት ጀምሮ የመሰለኝ ቀዶ ጥገና

እዚህ ሱዳን፣ ካላክላ በሚባል ሰፈር የቀን ሥራ ውዬ ልብሴን ስቀይር ስልኬ መልእክት ተቀበለ። ባለቤቴ አልማዝ ሶባ በኩል ካለ ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ መልእክቱን የላከችልኝ እዚያ የምትሠራ ህንዳዊት ነርስ ናት። «ዊ አር ኦፐሬቲንግ ኦን ዩር ዋይፍ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይላል። በእኔ እንግሊዝኛ፣ ሚስትህን ከጠዋት ጀምሮ እየቀደድናት ነው ማለት ነው። ጊዜው ደግሞ ወደ ማታ ነው። ይሄን ሁሉ ሰዓት ምን አገኙባት? ሚኒባሱ ውስጥ ማርያምን ስማጸን አጠገቤ የተቀመጡት ሱዳናዊ ሽማግሌ «ኢንሻላህ ኸይር»፣ ደግ ይሆናል፣ እያሉ እስክንደርስ ትከሻዬን ይዘውኝ ሄዱ።

ስገባ አልማዝ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታበጥራለች። «ምነው፣ ፊትህ አመድ መስሏል?» አለችኝ። ስልኩን ለነርሷ ዘረጋሁላት። አየችውና በተሰባበረ ዓረብኛ «ማዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ ነገ ጠዋት ማለቴ ነው። በእንግሊዝኛ ቀጠሮ ከተያዘ ገና ሳይጀመርም እንዲህ ይባላል» አለችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

አልማዝ ነገሩ ሲገባት ሳቀች። «አንተስ ገና ከቤት ሳትወጣ በስልክ ‹መጣሁ› ትለኝ የለ?»

በማግስቱ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር እጇን ይዤ ሸኘኋት። በሰላም ወጣች፤ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ውሃ ነበር።