አየር ያጠራቸው ዓሦች

መተማ ዮሐንስ ላይ ጭማቂ ቤት አለኝ። ለቤቱ ድምቀት ብዬ ዓሣ ያለበት የመስታወት ገንዳ ባስገባ፣ ማታ ደህና የነበሩት ዓሦች ጠዋት ሞተው ተንሳፍፈው እያገኘኋቸው ተቸገርኩ። ውሃውን ቀየርኩ፣ ምግባቸውን ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ "ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?" ብለው ገንዳውን በነጠላ እንድሸፍነው መከሩኝ።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆሞ ሰው ሁሉ በሙቀቱ ሲያማርር እትዬ ዘውዴ "ኧረ ልጄ! ዓሦችሽ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ!" አሉኝ። ዘወር ብዬ ሳይ፣ ለገንዳው አየር የሚነፋው ሞተርም ቆሟል። ያኔ ገባኝ፤ ለካ ዓሦቹ የሚሞቱት መብራት ጠፍቶ ባደረ ቁጥር ነው። "አየር ነው ያጠራቸው!" ብዬ ጮህኩና አየር እንዲገባበት የገንዳውን ውሃ በኩባያ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አንቆረቆርኩት።

አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ በአድናቆት "ያ ሰላም!" ብሎ ከጎኔ ቆሞ ያንቆረቁር ጀመር። ጭማቂ ሊጠጡ የገቡ የሰሊጥ መኪና ሾፌሮችም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እየተሳሳቅን፣ እየተራጨን፣ ስንደክም እየተቀባበልን ቀጠልን። ዓሦቹ ወደ ታች ወርደው መዋኘት ሲጀምሩ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

መብራት መጥቶ ሞተሩ ሲነሳ ሁላችንም አረፍን። እትዬ ዘውዴ ብቻ የያዙትን ኩባያ አልሰጥም አሉ።

"ቆዩ እንጂ! ያቺ ቀይዋ ገና አልጠገበችም!"