የስልኩ መልእክትና የመምሬ ዓለምነህ ግዝት

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ የካቲት፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ የምትጓዝ አንዲት ሚኒባስ መንገድ ላይ ቆመች። እህል የጫነ አይሱዙ ከፊቷ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶት ኖሮ የሚያሳልፍ አልነበረም። ሾፌሩ «እስኪነሣ ድረስ ወርዳችሁ ፀሐይ ሙቁ» ሲል ተሳፋሪዎቹ እያጉረመረሙ ወረዱና ከመንገዱ ዳር ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ተደረደሩ።

ከእነዚህ መካከል ማስተዋል የምትባል የዳባት ልጅ ነበረች። ሥራ የጀመረችው ዛሪማ ላይ በነርስነት ሲሆን በኋላ ጎንደር ተምራ የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ ሆነች። ሕክምናው በስልክና በኮምፒውተር መታገዝ በጀመረበት በዚያ ሰሞን ሌላው ሁሉ «መሣሪያው ይሠራል ወይ?» ብሎ ሲመረምር፣ እሷ የምትመረምረው «ለማን ይሠራል? ማንንስ ያስቀራል?» የሚለውን ነበር። ባልደረቦቿ «የእኛ ዳኛ፣ ዛሬ ደግሞ ስልክን ከማን ጋር ልታሟግቺው ነው?» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አብራ ትስቃለች እንጂ ጥያቄዋን አትተውም።

አጠገቧ የተቀመጡት ጥምጥማቸው የነጣ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። መስቀላቸውን ተሳልማ ተቀመጠች።

«ከየት ነሽ ልጄ?» አሏት።

«ከዚሁ ከዳባት ነኝ አባቴ። የመምህር ምሥጋናው ልጅ ነኝ።»

«የምሥጋናው? ነፍሱን ይማረውና ልጄን ማለደን ያስተማረው እሱ ነው። እኔ መምሬ ዓለምነህ እባላለሁ፤ የአስታ ሜዳ ቄስ ነኝ። አስታ ሜዳ ማለት ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር ስትወጪ ነው። ለተዝካር ዳባት ወርጄ ነበር፤ አሁን ደባርቅ ከጤና ሹሞቹ ዘንድ ጉዳይ አለኝ።»

«ምን ቸገረዎ?»

«የምራቴን ስም ከስልካቸው እንዲያወጡልኝ ነው» አሉ መምሬ፤ ድምፃቸውም ሻከር አለ።

ማስተዋል ጆሮዋ ቆመ። አንድ ፕሮጀክት ለነፍሰ ጡሮች በስልክ መልእክት ቀጠሮ የሚያስታውስ ዘዴ በአካባቢው ጀምሮ ነበርና እሷም ስለዚሁ ዘዴ ስታጠና ከርማለች። አልተናገረችም። «እስቲ ይንገሩኝ» አለች ብቻ።

«ምራቴ ዘርፈሽዋል ትባላለች። ባሏ ማለደ ሳንቃ በር የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት የሚሉት ነው። በቤቱ ያለው ስልክ የእሱ ብቻ ስለሆነ ጤና ጣቢያ ያስመዘገበችውም የእሱን ቁጥር ነው። እኛ ዘንድ መብራት የለም። ስልክ የሚሞላው ደባርቅ፣ ዋሴ የሚባል ባለሱቅ ዘንድ ነው። ዋሴ የሃምሳውን ሰው ስልክ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ይሞላል። ስልኮቹ ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው። የማን የማን እንደሆነ የሚለየው እንዴት መሰለሽ? የመጣውን መልእክት ከፍቶ ጮክ ብሎ እያነበበ።»

«በሰው ፊት?»

«ታዲያስ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ብልሃት መስሎት ነው። በጥቅምት፣ በገበያ ቀን፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ አንዱን ስልክ አነሣና ‹ውድ ዘርፈሽዋል፣ አራተኛ ወርዎን ይዘዋል፤ ለእርግዝና ክትትል ይምጡ ይላል። ይህ የማን ነው?› አለ።»

ከካቡ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ማንጠግቦሽ የምትባል የሽንኩርት ነጋዴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። «ይቅር ይበሉኝ መምሬ፤ እኔም እዚያ ነበርኩ። ዳባት ሳልደርስ ስንት ሰው እንደነገርኩ አላውቀውም።»

«አንቺ ነሽ ለካ» አሉ መምሬ ገልመጥ አድርገዋት።

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ሱቁ ሙሉ ሰው አፍ አልነበረውም?»

መምሬ ወደ ማስተዋል ዞሩ። «በእኛ አገር ሆድ ራሱ እስኪናገር ድረስ እርግዝና አይወራም። ይህች ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ባለቤቴ እያወቀች እኔን እንኳ ደብቃኛለች፤ መደበቅም ይገባታል። እኔ አማቷ የሰማሁት ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ‹እንኳን ደስ ያለዎት› ሲሉኝ ነው። ልጅቱ ለቀናት ከቤት አልወጣችም። በዚያው ለት ‹ሁለተኛ ጤና ጣቢያ እንዳትረግጪ› ብዬ ገዘትኳት። ይኸው አልረገጠችም። ስልኩ ግን አሁንም ‹ቀሩ፣ ቀሩ› እያለ ይነዘንዛል።»

በዚህ አገር የቄስ ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። የተገዘተች ሴት ቤቷ ቢቃጠል እንኳ የተከለከለችውን ደጃፍ አታልፍም። ማስተዋል ይህን ስለምታውቅ ክርክሩን ከመጀመሯ በፊት ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ለመሆኑ አሁን ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። እንዲያውም ፊቷ ሞላ ብሏል። እግሯ ጫማዋ ውስጥ አልገባ ብሎ የእኔን ሰፊውን ነው የምታደርገው። ራሴን ያመኛል ትላለች፤ ባለፈው ደግሞ ዓይኔን ጭጋግ ጋረደኝ አለች። ደጋ አይደል? ብርዱ ነው።»

ማስተዋል ከተቀመጠችበት ተነሣች። ዛሪማ ሳለች እንዲህ ፊቷ ሞልቶ፣ ዓይኗ ተጋርዶ የመጣች ሴት አይታለች፤ በመጨረሻ የሆነውንም አልረሳችም።

«አባቴ፣ ይህ ብርድ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የደም ግፊት ነው። በስምንተኛ ወሯ እንዲህ ያበጠች፣ ራሷን የሚያማትና ዓይኗ የሚጋረድ ነፍሰ ጡር ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልገባች እሷም ልጁም ላይተርፉ ይችላሉ።»

መምሬ ፊታቸው ተለወጠ፤ ነገር ግን ወዲያው አልተረቱም። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ነርስ ነበርኩ። አሁን ደግሞ ያ መልእክት ለማን እንደሚደርስና ለማን እንደማይደርስ የማጠናው እኔ ነኝ።»

«እንዲያ በይኛ» አሉ መምሬ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «እንግዲያስ ለአንቺ ልንገርሽ። እኔ የሰው ንስሐ እሰማለሁ። የሰማሁትን ለሚስቴ አልነግርም፤ ስሞትም ይዤው እሞታለሁ። እናንተ ግን የሴት ምሥጢር ለገበያ ታወጣላችሁ። እንዲህ ያለውን ቤት እንዴት ልመነው?»

«በዚህ እርስዎ እውነት አለዎት። መሣሪያው ለእያንዳንዱ መልእክት ‹ደርሷል› ብሎ ይጽፋል፤ ሹሞቹም ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን ቤት ለቤት ዞሬ እናቶቹን ስጠይቅ መልእክቱ የደረሰው ለስልኩ እንጂ ለእናቲቱ አይደለም። ስልኩ ባሏ ኪስ ነው፤ አለዚያም ዋሴ መደርደሪያ ላይ ነው። ከተማ ያለችው የራሷ ስልክ ያላት፣ ማንበብ የምትችለው፣ ጤና ጣቢያው ደጇ ላይ ያለው ሴት በደንብ ትጠቀምበታለች። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት ዘርፈሽዋል ግን ያተረፈችው ኀፍረት ነው። ፍትሕ ጎደለ የምለው ይህን ነው።»

«እንግዲያው ከነጭራሹ ይቅር። ድሮስ ያለ ስልክ ይወለድ አልነበረም?»

«ይወለድ ነበር። ስንቷን እንደቀበሩ ግን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ፍትሐት የሚያደርሱት እርስዎ ነዎት።»

 ማስተዋል ነገሩን በሌላ መንገድ ቀጠለች።

«የአስታ ሜዳ ደወል ከሸለቆው ማዶ ላሉት ይሰማል?»

«ነፋሱ ከዞረ አይሰማም።»

«ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ዲያቆን እንልካለን። ምን እናድርግ ታዲያ፤ እነሱም ምእመን ናቸው።»

«ማዶ አይሰማም ብላችሁ ደወሉን አላወረዳችሁትም። ማዶ ያሉት ይቅሩ ብላችሁም አልተዋችኋቸው። እኔም የምለው ከዚህ አያልፍም። ስልኩ የሚደርስላት በስልክ ትጠራ፤ ለማይደርስላት ሰው ይሂድላት።»

«መምሬ፣ ያዘችዎ» አለች ማንጠግቦሽ።

«አንቺ ሽንኩርትሽን ጠብቂ» አሉ መምሬ፤ ድምፃቸው ግን ለስልሶ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ልጨምር» አለች ማስተዋል። «መልእክቱን በደንብ ሳያስቡ የጻፉት ሰዎች አጥፍተዋል። ዋሴም ጮክ ብሎ ማንበቡ ጥፋት ነው። ወሬውን ያዛመተውም አጥፍቷል። ግዝቱ ያረፈው ግን ከእነዚህ በአንዳቸውም ላይ አይደለም። ምንም ባላጠፋችው በዘርፈሽዋል ላይ ነው።»

ሽማግሌው መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ብዙ አሰቡ።  

«ፈርጄባት ኖሯል» አሉ በመጨረሻ። «አሁን እንዴት ይደረስላት? መንገዱ ተዘግቷል።»

ማስተዋል የማለደን ቁጥር ተቀብላ ደወለች፤ ጥሪው አልገባም። ቀጥላ በጥናቷ ወቅት ለተዋወቀቻት፣ ታንጉት ለምትባል የአስታ ሜዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደወለች። ታንጉት አነሣች፤ ነገሩን ሰምታም እየሮጠች ወደ መምሬ ቤት ሄደች። ጥቂት ቆይታ መልሳ ስትደውል ድምፏ ተጨንቆ ነበር። «እጇም አብጧል። አምቡላንስ ከደባርቅ ጠርቻለሁ። እሷ ግን ተገዝቻለሁ፣ አልሄድም ብላ ምሰሶውን ይዛለች።»

ማስተዋል ስልኩን ለመምሬ ዘረጋች። ተሳፋሪው ሁሉ ዙሪያቸውን ቆሟል።

«ግዝት በስልክ ይፈታል እንዴ?» አለች ማንጠግቦሽ በሹክሹክታ።

«ያሰርኩት በቃሌ ነው፤ የምፈታውም በቃሌ ነው» አሉ መምሬ። ስልኩን በግራ፣ መስቀሉን በቀኝ ያዙ። «ዘርፈሽዋል፣ እኔ ነኝ። ድምፄን ለይተሽዋል? ግዝቱን አንሥቻለሁ። ያለ ጥፋትሽ ነው የያዝኩሽ፤ ይቅር በይኝ። እግዚአብሔር ይፍታሽ። ከታንጉት ጋር ሂጂ፤ የሚሉሽን ሁሉ እሺ በይ።» ከወዲያ የልቅሶ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ታንጉት «ተነሥታለች» አለች።

መንገዱ ሲከፈት ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። መምሬና ማስተዋል ደባርቅ ሆስፒታል ሲደርሱ ዘርፈሽዋል አልጋ ይዛ መድኃኒት ተጀምሮላት አገኟት። ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ ነበርና ሐኪሙ ምጡን በመድኃኒት አስጀመረ። በማግስቱ ትንሽ፣ ነገር ግን ጩኸቷ ኮሪደሩን የሞላ ሴት ልጅ ተወለደች። እናቲቱም ዳነች። ማለደ ከሳንቃ በር ሲደርስ አባቱ ልጅቱን ታቅፈው ቆመው ነበር።

ማስተዋል ወደ ጎንደር ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። የፕሮጀክቱ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ባለሙያ «መልእክቶቻችን በሙሉ ማለት ይቻላል ደርሰዋል፤ ምን የሚቀየር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ለመምሬ ዓለምነህ ተወችላቸው። መምሬም ተነሥተው «ደርሷል ያላችሁት ለእኔ ለቅሶ ላይ ነው የደረሰኝ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ከዚያ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው። ማስተዋል ደጋግማ ስታቀርበው ጥቂት ሰው ብቻ ያነበበው ጥናት ያን ቀን ሥራ ላይ እንዲውል ተወሰነ።

መልእክቱ ከዚያ ወዲህ ስምም እርግዝናም አይጠራም። እያንዳንዷ እናት ስትመዘገብ እሷና ነርሷ ብቻ የሚያውቁትን ቃል ራሷ ትመርጣለች፤ አንዷ «በጉ ተገኝቷል» ትላለች፣ ሌላዋ «ቅዳሜ እንገናኝ» ትላለች። ማንበብ ለማትችለው በድምፅ ይደወልላታል። ስልክ ለሌላት ታንጉትና ባልደረቦቿ ደጇ ድረስ ይሄዳሉ። ሪፖርቱም ስልኩ መቀበሉን ሳይሆን እናቲቱ መስማቷንና መምጣቷን፣ ከተማና ገጠሩን ለይቶ ይጠይቃል። ዋሴም እያንዳንዱ ስልክ ላይ ቁጥር ለጥፎ ማንበቡን ተወ፤ ማንጠግቦሽ «ሱቁ ወሬ የለውም፣ ደርቋል» ብላ አማችው።

መምሬም በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሲያስተምሩ «ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት ሽማግሌ ሴቲቱን አያስር፤ ይልቅ በቅሎውን ይጫንላት» ማለት ጀመሩ። ይህ ቃል ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ሠራ። ነገሩ በአስታ ሜዳ አልቀረም፤ ወደ ዳባት፣ ወደ ዛሪማም ዘለቀ። «የእኛ ዳኛ» ይሏት የነበሩት ባልደረቦቿም አሁን አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ሳይጀምሩት በፊት ይጠሯታል።

በሁለት ሺህ ዐሥር መባቻ ማስተዋል ዳባት ጤና ጣቢያ ስትገባ ግቢው በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ከሸለቆው ማዶ ከሌሊት የተነሡ፣ በበቅሎ የመጡ፣ አማቶቻቸው አጅበዋቸው የመጡ ነበሩ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ፀጋው ገና ከሩቅ ሲያያት እጁን እያወዛወዘ ቀረበ።

«እንዴት ነው የምናደርገው፣ ማስተዋል?» አላት። «በቀጠሮ ቀን አግዳሚ ወንበር አልበቃን አለ። የአጥሩ ካብ ላይ ነው የሚቀመጡት።»

ማስተዋል ግቢውን አየችና ፈገግ አለች። «ይህን አቤቱታ ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አለችው። «በል ና፣ አናጢ እንፈልግ።»