አለቃ የጋበዘው ሻይ

ነገሌ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ሦስት ሆነን ተጠጋግተናል። አጠገቤ ያሉት ሁለት ሴቶች የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ አንደኛዋ ወጣት፣ ሌላኛዋ ጠና ያሉ።

«አዴ ፋጡማ፣ ጉድ ልንገርዎት። አለቃችን ዛሬ ሻይ ጋበዘኝ።»

«ለብቻሽ?»

«ለብቻዬ። ወንበርም ሳበልኝ።»

«ያ ለሰላምታ እንኳ አፉን የማይከፍተው ሰውዬ?»

«ምን ይታወቃል፣ ሥራዬን ወዶት ይሆናል።»

«ተይኝ እስቲ! ምን ጠየቀሽ?»

«‹ሙቀት ትችያለሽ ወይ?› አለኝ።»

«ወይ ልጄ! ምን አልሽው?»

«‹ሙቀትማ ያደግኩበት ነው› አልኩት።»

«አበላሸሽው! ጫልቱንም ሻይ ጋብዞ ይህንኑ ነበር የጠየቃት።»

«የትኛዋ ጫልቱ?»

«ካንቺ በፊት እዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበረችው። በሳምንቱ እዚያ በረሃ፣ ተልተሌ አዛወራት።»

«ተልተሌ? ባሌ ሥራው እዚህ፣ ልጄን ገና አሁን ትምህርት ቤት አስገብቼ?»

«ነገ ጠዋት ግቢና ‹ሙቀት ያፍነኛል፣ ሐኪም ከልክሎኛል› በይው።»

«አዴ፣ ሻዩን እኮ ጠጥቼ ጨርሼዋለሁ።»

ጠዋት ሰላም ብሎኝ የማያውቀው የራሴ አለቃ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ቤተሰብ እንዴት ነው?» ያለኝ ትዝ ሲለኝ፣ የምወርድበትን ቦታ አልፌው ሄድኩ።